ገብስ በቢራ ፍሪጅ ውስጥ፦ የደብረ ማርቆስ የዘር ሙከራ ማስታወሻ

ግንቦት 4

ነገሩ የተጀመረው በኩርፊያ ነው። አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ ጓሮዬ ውስጥ በቆሎ ዘራሁ። ከአሥሩ ሦስቱ እንኳ አልወጣልኝም። አፈሩን ጭሬ ሳይ ፍሬው አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ሊጥ ይዝረከረካል። ደሜ ፈላ። ዘሩን የሸጠልኝ ሰው ዘንድ ሄጄ ሰው ፊት "የሞተ ዘር ነው የሸጥክልኝ" አልኩት። እሱም አልተኛልኝም። "ዘሬ ምንም አልሆነም፤ ይልቅ እጅህን እይ" አለኝ። ይኸው ዓመት ሙሉ በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ስልክ የማናግር እመስላለሁ።

ትናንት ቆጥ ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ የዚያው ዘር ትራፊ ከነከረጢቱ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሁለት ኪሎ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። በቃ፣ እንሞክረዋለን አልኩ። የሞተ ከሆነ ጥፋተኛው ሰውየው ነው፤ ያልሞተ ከሆነ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። የሰብል ባለሙያ አይደለሁም። ግን ገበሬ ቤት ስላደግሁ እህል አይጠፋኝም፤ ሙቀት መለካት ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ግንቦት 6

በቆሎውን ብቻ ከመሞከር ሌላም ልጨምር ብዬ ስድስት ዓይነት ሰበሰብኩ። ገብሱ ከጮቄ ግርጌ፣ ከእናቴ ዘመዶች የመጣ ነው። ጤፉ የቢቸና ነው። ስንዴና ሽምብራ ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ማሽላውን ከደጀን በታች ዓባይ በረሃ የሚያርሰው አጎቴ በሚኒባስ ላከልኝ። ከበቆሎው በቀር ሁሉም አምና የተሰበሰበ ነው። ይህን በቃል ይዤው ነበር እንጂ መጻፍ የሚገባው ነገር አልመሰለኝም ነበር። ኋላ ጉድ ያፈላው እሱ ሆነ።

አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር አለኝ፤ ረጅም መርፌ ያለው፣ ሥጋ ውስጥ የሚሰኩት ዓይነት። መጀመሪያ እሱን ፈተንኩት። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 አለ። ጎሽ። በሚፈላ ውሃ ውስጥ 92 አለ። "ተበላሸ!" ብዬ ልጥለው ስል ራሴን ታዘብኩ። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውሃ 92 ላይ ነው የሚፈላው። ሽሮ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ቴርሞሜትሩ ትክክል ነበር።

ግንቦት 7

ሦስት ቦታ ያስፈልገኛል፦ ብርድ፣ መካከለኛ፣ ሙቅ።

መካከለኛው ቀላል ነው። መኝታ ቤቴ፣ አልጋ ሥር። ቀንም ሌሊትም 18 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ለሙቁ ካርቶን ወስጄ በጎኑ አምፖል ሰካሁበት። እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ችግር መጣ። አሁን ገበያ ላይ ያለው አምፖል ሁሉ ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ያበራል እንጂ አይሞቅም። የድሮውን ክር ያለው አምፖል ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ከመደርደሪያ ጀርባ ባለ 40 ዋት አወጡልኝ። "ለጫጩት ነው?" አሉኝ። "ለጤፍ ነው" ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ካርቶኑን በክዳኑ እየከፈትኩ እየዘጋሁ 30 ዲግሪ ላይ አደላደልኩት።

ብርዱ አስቸገረ። ቤቴ ፍሪጅ የለም። መጨረሻ ላይ ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለችውን የግሮሰሪ ባለቤት ለመንኳት። የቢራ ፍሪጇ ታችኛው መደርደሪያ 7 ዲግሪ ነው። ሳቀችብኝ። "ሌላ ጊዜ ገብሱ ቢራ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ፤ ዛሬ ራሱ በእግሩ መጣ" አለችኝ። ፈቀደችልኝ።

ግንቦት 8

ዛሬ ተዘራ። ከእያንዳንዱ 50 ፍሬ፣ በሦስት ቦታ። በአጠቃላይ 18 ሳህን፣ 900 ፍሬ። የዘር ቤተ ሙከራዎች ለአንድ ናሙና 400 ፍሬ ይቆጥራሉ፤ መቶ መቶውን አራት ቦታ ከፍለው። እኔ አንድ ራሴን ነኝ።

ሳህን ላይ እርጥብ ሶፍት፣ ከዚያ ዘሩ፣ ከላይ ሌላ ሶፍት፣ ከዚያ እንዳይደርቅ በፌስታል መሸፈን። ሌሎቹን ቆጥሬ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ጤፉ ግን አሳበደኝ። ማኛ ጤፍ በነጭ ሶፍት ላይ አይታይም። በጥቁር ፌስታል ላይ በትኜ በረጠበ የመርፌ ጫፍ አንድ አንድ እያነሳሁ ቆጠርኩ። ስተነፍስ ይበተናል። ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ከአንድ ግራም ሲሶ ያህል ነው የሚመዝነው። አንድ የበቆሎ ፍሬም ብቻውን ያንኑ ያህል ይመዝናል። ሁለቱም "ዘር" ይባላሉ።

እናቴ መጥታ ሁሉን አየች። "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ብቅል ነዋ የምትሠራ" ብላ ሄደች።

ግንቦት 9፣ ማታ

30 ዲግሪው ሳጥን ውስጥ ገና በአንድ ቀን ስንዴና ገብሱ ግማሽ በግማሽ ጎንቁለዋል። ነጭ ነጭ የሥር ጫፍ አውጥተዋል። ማሽላና ጤፉም ጀምረዋል። ጤፉን ለማየት የእናቴን መነጽር ተዋስኩ።

አልጋ ሥርና ፍሪጅ፦ ምንም።

ግንቦት 10

አልጋ ሥር ስንዴና ገብስ ደረሱ። ሳጥኑ ውስጥ በቆሎው ግማሹ ወጥቷል! ያ "የሞተ" የተባለው በቆሎ። ጥሩ ስሜት አልተሰማኝም።

ግንቦት 12

መብራት ሄደ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት። ሳጥኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 20 ወረደ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ አስገባሁበት። በየ50 ደቂቃው መቀየር ነው። ክፍል ስለነበረኝ እናቴን አደራ አልኳት። ስመለስ ሳጥኑን ጋቢ አልብሳው 31 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ከእኔ አምፖል የበለጠ የተረጋጋ ነው።

ግንቦት 13

አልጋ ሥር ያለው በቆሎ ግማሹ የጎነቆለው ትናንት ለዛሬ አጥቢያ ነው፤ በአራት ቀን ተኩል። ሽምብራው በሦስት ቀን ወጥቶ ነበር። ጤፉም እንደዚያው።

ፍሪጁ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉም አብጧል፤ የጎነቆለ የለም። ግሮሰሪዋ "ገብስህ ብርድ መታው" አለችኝ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ግንቦት 15

ፍሪጅ ውስጥ ገብስና ስንዴ ጎነቆሉ! በ7 ዲግሪ፣ ከቢራ ጠርሙስ ሥር፣ በጨለማ፣ በሰባተኛው ቀን። ከግማሽ በላይ ናቸው። ሽምብራውም አንድ ሁለት እያለ ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ግን እንዳሉ ናቸው። በቆሎው መሽተት ጀምሯል። ግሮሰሪዋ አልወደደችውም።

ግንቦት 20

የመጨረሻ ቆጠራ፣ ከ50፦

ፍሪጅ (7 ዲግሪ)፦ ገብስ 46፣ ስንዴ 45፣ ሽምብራ 31፣ ጤፍ 0፣ ማሽላ 0፣ በቆሎ 0።
አልጋ ሥር (18)፦ ገብስ 48፣ ስንዴ 48፣ ሽምብራ 45፣ ጤፍ 43፣ ማሽላ 41፣ በቆሎ 44።
ሳጥን (30)፦ ገብስ 41፣ ስንዴ 44፣ ሽምብራ 43፣ ጤፍ 46፣ ማሽላ 47፣ በቆሎ 46።

ቅዳሜ ማታ ፍሪጁ በየደቂቃው ስለሚከፈት ሙቀቱ 10 ይደርሳል። ስለዚህ "7" ያልኩት ለእግዜር የሚነገር 7 አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገብስ የቀነሰው ሻጋታ ስለበላው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፍሬ ውሃ መጠጣቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሞተ ፍሬ እንኳ ያብጣል፤ ደረቅ ስፖንጅ ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ነው። በውስጡ የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች አሉ። ሽሉ የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ኢንዛይሞቹ ደግሞ ሙቀት ሲቀንስ ይዘገያሉ፤ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ሥራው ከነጭራሹ ይቆማል። ያ መቆሚያ ለሁሉም እህል አንድ አይደለም። ለስንዴና ለገብስ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለበቆሎና ለማሽላ ከ8 እስከ 10 ነው። እኔ 7 ላይ አስቀምጬ በቆሎ ስጠብቅ የማይመጣ እንግዳ ነበር የምጠብቀው።

ይህ የእህሉ አገር ጉዳይ ነው። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ መዘራት የጀመሩት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። እዚያ ዝናቡ የሚጥለው በቀዝቃዛው ወቅት ስለሆነ፣ ብርድ ላይ የማይበቅል ዘር ዝናቡ ያመልጠዋል። በቆሎ የሜክሲኮ ነው። ማሽላ የኛው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ነው። ጤፍ የራሳችን ነው፤ ሆኖም ሙቀት ይወዳል።

ግንቦት 21

ዛሬ ቁጥሮቹን አፍጥጬ ሳያቸው አንድ የሚያምር ነገር ብቅ አለ። ለስንዴ መነሻውን 3 ዲግሪ ልያዝ አልኩ። ከመነሻው በላይ ያለውን ሙቀት በፈጀው ቀን አባዛሁ።

ፍሪጅ፦ ከ7 ላይ 3 ሲቀነስ 4፤ በ7 ቀን ሲባዛ 28።
አልጋ ሥር፦ 15 በ2 ቀን፣ 30።
ሳጥን፦ 27 በ1 ቀን፣ 27።

28፣ 30፣ 27። አንድ ነው ማለት ይቻላል! በቆሎውን መነሻውን 10 አድርጌ ሞከርኩት። አልጋ ሥር 8 በ4.5፣ 36። ሳጥን ውስጥ ግማሹ የወጣው ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 20 በ1.8፣ እሱም 36።

ባለሙያዎቹ ይህን ዲግሪ ቀን ይሉታል። ዘሩ ቀን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የጠገበውን ሙቀት ነው። "በቆሎ በስንት ቀን ይበቅላል?" ብሎ መጠየቅ "ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" እንደማለት ነው። በእግር ነው በመኪና?

ግን መባዛቱ እስከ ልክ ነው።

ግንቦት 25

ልኩን ለማየት ሳጥኑ ላይ ሁለተኛ አምፖል ጨምሬ 40 ዲግሪ አደረስኩት። ከ50 ስንዴ 5፣ ገብስ 2። ማሽላ 40፣ በቆሎ 31። ጤፉን ስከፍት ሶፍቱ ደርቆ ስለነበር ጣልኩት። ዓባይ በረሃ ላይ ስንዴ የማይዘራበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ በላይ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

ግንቦት 26

የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዘሩ ደህና ነው፤ ተረጋገጠ። የጓሮዬ አፈር ደግሞ በግንቦት 7 ዲግሪ አይሆንም። ታዲያ አምና ለምን በሰበሰ?

የእርሻ ማስታወሻ የለኝም፤ ግን የልጆች የፈተና ውጤት የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። የአምናውን ገለጥኩ። የዘራሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ለምን? በረዶ ዘንቦ መንገዱን ዘግቶት። ጓሮው ለአንድ ሰዓት ያህል ነጭ ሆኖ ነበር። እንዲያውም "ዘርቼ ሳልጨርስ ዝናብ አገኘሁ" ብዬ ተደስቼ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ግንቦት 27

ይህን ለመፈተን 75 በቆሎ ቆጠርኩ።

25ቱ፦ ገና ደረቅ ሳሉ በበረዶ ውሃ ራሱ፣ አንድ ቀን ሙሉ ፍሪጅ አደሩ፣ ከዚያ አልጋ ሥር።
25ቱ፦ መጀመሪያ አንድ ቀን ተኩል አልጋ ሥር በለብታ ውሃ ራሱ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዚያ ተመልሰው አልጋ ሥር።
25ቱ፦ ምንም ሳይበርዳቸው አልጋ ሥር ብቻ።

ሰኔ 5

ብርድ የቀደማቸው 14 ወጡ። ብርድ የተከተላቸው 22። ያልበረዳቸው 23።

ብርዱ እኩል ነው፤ አንድ ቀን። የለየው ቅደም ተከተሉ ነው። ደረቅ ፍሬ ውስጥ ያሉት የሕዋስ ሽፋኖች ተጨማደው ተኝተዋል። የመጀመሪያው ውሃ ሲገባ መዘርጋትና ቦታ ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ እንደ ረጋ ቅቤ ይደርቃሉ፤ ሲገፉ ይሰነጠቃሉ። በስንጥቁ የፍሬው ስኳር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ስኳር ባለበት ደግሞ ሻጋታ አለ። ሊጥ የሆነው በቆሎዬ ይኸው ነው። በቆሎ ለዚህ ነገር አደገኛ ሰዓቱ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው። እሱን ካለፈ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ እንዲህ አይጎዳውም።

ሰውየው "እጅህን እይ" ያለኝ ልክ ነበር። የዘራሁበትን ሰዓት ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ልክ ነበር።

ሰኔ 6

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የአፈር ሙቀት ነው። ላለፉት አምስት ቀናት ጓሮ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ስለካ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 14 ወይም 15፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 21 ወይም 22። አማካዩ 18 ነው። ላዩ አፈር ግን ፀሐይ በወጣ ቀን 34 ይደርሳል፤ ሌሊት ደግሞ 10 ይወርዳል። ትናንት ማታ ዝናብ ከበረዶ ጋር ጣለ። 5 ሳንቲ ሜትር ላይ 9 ዲግሪ ሆነ። ለሁለት ሰዓት ብቻ፤ ግን ሆነ።

ሬድዮ የሚነግረን የአየሩን ሙቀት ነው። ዘሩ ያለው አየር ላይ አይደለም።

ሰኔ 7

ዛሬ በቆሎውን ዘራሁ። ያንኑ ዘር፣ ያንኑ መደብ። ጠዋት 4 ሰዓት፣ አፈሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ሰማዩን አይቼ። በቆሎ ከተዘራ ጀምሮ ከአፈር ብቅ እስኪል 60 ያህል ዲግሪ ቀን ይፈልጋል፣ መነሻው 10 ሲሆን። 60 ለ8 ሲካፈል 7.5። ስለዚህ ሰኔ 15 ላይ ይወጣል ብዬ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ።

አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ገዝቼ ልኬለት ነበር። የሱ እርሻ ከ1,200 ሜትር በታች ነው። ከእኔ ጓሮ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ወደ ታች ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር በአየሩ ብቻ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይበልጠኛል።

"ጋሼ፣ ስንት ይላል?"

"ጠዋት 26 አለ። አሁን 36።"

"ሣር ሥር ነው ወይስ ባዶው መሬት ላይ?"

"አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ሣር አይተህ ታውቃለህ?"

ማሽላውን ትናንት ዘርቷል። አማካዩን 31 ብዬ ያንኑ 60 ወሰድኩ። ሦስት ቀን ገደማ።

ሰኔ 11

አጎቴ ደወለ። ማሽላው ትናንት በአራተኛው ቀን ወጣ። ከሒሳቤ አንድ ቀን ዘገየ። እሱ "ላዩ ደርቆበት ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ሒሳቤ ውስጥ ውሃ የለም።

ሰኔ 17

በቆሎው ወጣ! የመጀመሪያዎቹ ትናንት፣ ዛሬ ጠዋት ከግማሽ በላይ። ሁለት ቀን ዘግይቷል። ምክንያቱን በከፊል አውቃለሁ፤ ሰኔ 9፣ 10 እና 12 ደመናና ዝናብ ስለነበር አማካዩ 16 ወርዶ ነበር። ከ100 ጉድጓድ 87 ወጥቷል። እየደጋገምኩ ነው የቆጠርኩት።

ሰኔ 18

ሱቁ ሄድኩ። በዓመቱ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የሰደብኩት ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም ሰው ፊት አደረግሁት። ሳህኖቹን፣ ፍሪጁን፣ በረዶውን ነገርኩት። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "በረዶ በጣለ በሳምንቱ አራት አምስት ሰው ይመጣብኛል" አለ። "እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።" ቡና አዘዘልኝ።

ሐምሌ 14

ስለ ጤፍ በአጭሩ። ጤፍ ላይ በላይ ስለሚዘራ ሙቀቱ የላዩ አፈር ነው፤ ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ቴርሞሜትሬ አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ በደንብ አይለካም። ሦስት ቀን ሞክሬ ተውኩት። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ሲያዩኝ ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ሳቁብኝ። እዚህ ላይ ለገበሬው እጅ ሰጥቻለሁ።

ጥቅምት 20

ሥራው አልቆ ሳጥኑን ሰቅዬው ነበር። ዛሬ ግን ዘመዶቻችን ከጮቄ ግርጌ አዲስ ገብስ ላኩ። ገና ከታጨደ ሁለት ሳምንቱ ነው። እናቴ ለኅዳር ሚካኤል የማኅበር ተረኛ ናት፤ ጠላ ልትጠምቅ ነው። እኔም ብልጥ ሆኜ "እማ፣ በዚህ በአዲሱ ብቅል አድርጊ፤ ሳጥኔ ውስጥ በ30 ዲግሪ በአንድ ቀን ይጎነቁልልሻል" አልኳት።

"አዲስ ገብስ ለብቅል አይሆንም" አለች። "ለምን?" ብላት፣ "አይሆንም ብየሃለሁ፤ እንቅልፉን አልጨረሰም" ብላ የአምናውን ገብስ ዘፈዘፈች።

እኔ ግን 150 ፍሬ ሰርቄ ሦስቱም ቦታ አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 24

የእናቴ ብቅል ትናንት ውሃው ተጠንፍፎ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። ድንጋይ ተጭኖበት ማጀት ውስጥ ተቀምጧል። ቴርሞሜትሩን በቅጠሉ መሃል አስገባሁት። ማጀቱ 17 ነው። ብቅሉ መሃል 27! ያለ አምፖል፣ ያለ መብራት። የሚጎነቁል ዘር ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ስኳር ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል ይሞቃል። ኮባውና ድንጋዩ ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል። እናቴ እጇን እየሰደደች ከልክ በላይ ሲሞቅባት ታገላብጠዋለች። "አለዚያ ይሻግታል" ትላለች። ሳጥኔ ውስጥ ገብሱን ሻጋታ የበላው ያገላበጠው ስለጠፋ ነበር።

ጥቅምት 30

የአዲሱ ገብስ ውጤት፣ ከ50፦

ፍሪጅ 45። አልጋ ሥር 19። ሳጥን 4።

ሳህኖቹን ተሳስቼ እንዳልቀያየርኩ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። አልተሳሳትኩም። ግንቦት ላይ ሙቀት ያፈጠነው ገብስ አሁን ሙቀት ላይ አልነሣ አለ። የተነሣው ብርድ ላይ ነው። የዲግሪ ቀን ሒሳቤ ገደል ገባ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ትኩስ ገብስ የሞተ አይደለም፤ የተኛ ነው። ገለባው ፍሬው ላይ ተጣብቆ አየር ይከለክለዋል። ገለባው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ኦክሲጅኑን ይሻሙታል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሽሚያው ይብሳል። ሲበርድ ሽሚያው ስለሚረግብ ለሽሉ የሚተርፈው አየር ይበዛል። ለዚህ ነው ቤተ ሙከራዎች ትኩስ ገብስና ስንዴ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ውስጥ የሚያቆዩት። የግሮሰሪዋ ፍሪጅ ሳታውቀው ደንብ አክብራለች።

እንቅልፉ ለገብሱም ይጠቅመዋል። የጥቅምት ዝናብ ያልታጨደ ማሳ ላይ ሲጥል፣ ቀን ሞቅ ሲል፣ እንቅልፍ የሌለው ገብስ ዛላው ላይ እንዳለ ይጎነቁላል። ገበሬ ያንን አንዴ ካየ አይረሳውም።

ለእናቴ ነገርኳት፤ ገለባውን፣ ኦክሲጅኑን፣ ሁሉን። አዳመጠችኝና "እኔ ምን አልኩህ?" አለች።

ጥር 25

ያንኑ ገብስ ደገምኩት። ጆንያ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ተቀምጧል። ከ50፦ ፍሪጅ 46፣ አልጋ ሥር 47፣ ሳጥን 43። ነቅቷል።

ዛሬ እናቴ መጥታ ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችው። የክርስትና ድግስ አለባት፤ ማጀቱ ደግሞ በጥር ሌሊት ይበርዳል። "ይኼ ነገር ሌሊት ይሠራል?" አለችኝ። "ይሠራል፤ ግን አምፖሉ ውድ ነው፣ ተጠንቀቂ" አልኳት። ገብሱንም ሳጥኑንም ተሸክማ ሄደች። አምፖሉን አውጥታ በቦታው ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ እንዳስገባችበት ማታ ሄጄ አየሁ።